ምላጭ ስዬ ሽምግልና ሄድኩ

ጓደኛዬ ሞጣ ያለች ልጅ ሊያስጠይቅ ከቢቸና ሁለት አዛውንት ሲልክ እኔን ሦስተኛ አድርጎ ጨመረኝ። ጠዋት ራሴ በሳልኩት ምላጭ ተላጭቼ ልሂድ አልኩ። ምላጭ መሳል የጀመርኩት ገና ነው። ድንጋዩ ላይ ስዬ ስጨርስ ስለቱን ለማለስለስ ቀበቶዬን በሩ ላይ አስሬ አሸሁበት። ቆዳ ላይ መቅደም ያለበት የምላጩ ጀርባ ነው፤ እኔ ስለቱን አስቀድሜ ገፋሁትና ቀበቶዬ ሁለት ሆነ። ሌላ ቀበቶ የለኝም። ይባስ ብዬ በዚያው ምላጭ ተላጨሁና አገጬ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ሄድኩ።

ሞጣ ስንደርስ እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" ብለን ቆምን። የልጅቷ አባት እጃቸውን ዘረጉልኝ። ለትልቅ ሰው የሚሰጠው ሁለት እጅ ነው፤ የእኔ ግራ እጅ ግን ጋቢው ውስጥ ሱሪዬን ይዟል።

"ምነው ልጄ፣ በአንድ እጅ?" አሉና ፊታቸው ጠቆረ። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ። የጓደኛዬ ትዳር በእኔ ሱሪ ሊበላሽ ሆነ። ምን አደርጋለሁ፣ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ።

"መሳሉን ማን አስተማረህ?"

"ዩቲዩብ፣ አባቴ።"

አገጬን ትክ ብለው አዩት። "በሉ ተቀመጡ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፦ "ሙሽራውን ግን አንተ እንዳትላጨው።"