አንድም ቀን ያልቀረው ተማሪ

በእኛ ጊዜ ትኩሳት የሚለካው በእጅ መዳፍ ነበር፣ ያውም እጁን የሚያሳርፍ ሰው ቤት ከተገኘ። ስለዚህ ያንን የሽሮፕ ማንኪያ አስቀምጪና ስሚኝ፣ ሰላም። የልጄ ሚስት ነሽ፣ በቤትሽ ላዝዝ አልፈልግም። ግን የልጅ ልጄ ናሆም ሌሊቱን እንደ ምድጃ ሲግል አድሮ፣ አሁን ሽሮፕ ግተሽ ዩኒፎርም አልብሰሽ ሰርቪስ ልታሳፍሪው ነው።

«አባባ፣ ትኩሳቱ እኮ ወርዷል። ይንኩት።»

ነካሁት። ሽሮፑ ነው ያወረደው። እሳት ላይ ክዳን ደፍተሽ ጠፋ ትያለሽ? ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተመልሶ ይግላል፣ ያኔ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ምን አደረገ? በር ላይ ዘበኛው ያንን የትኩሳት መለኪያ ግንባሩ ላይ ይደቅንና «እለፍ» ይለዋል፣ አንቺም ዘበኛውን ሸወድሽ። ጎበዝ! በሽታውንስ?

«ዘንድሮ አንድም ቀን አልቀረም እኮ፣ አባባ። ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ሰርተፍኬት ሊሰጡት ነው።»

እሱን እስክትይ ነው የጠበቅሁሽ። ሰርተፍኬት! ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ አክስቶቹ ልብ ይልኩለታል፣ ልጁ ግን አልጋ ላይ ነው። ተቀመጪ። ይህን ለባልሽም ነግሬው አላውቅም።

ያኔ የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ነው፣ እናቴና እኔ፣ በአንድ ክፍል። አባት የለም፣ እሱን ተይው። እናቴ ለአንድ ሆቴል አንሶላ ታጥባለች፣ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ትምህርት ቤቱ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ነበር። እና አንድ መምህር ነበረን፣ ስሙን አልጠራም፣ እኛ ጠመኔ ነበር የምንለው፣ ደረቅ ስለነበረ። ጠመኔ ከማስተማር ይልቅ ስም መጥራት ይወድ ነበር። «አቤት!» ያላለ ቀሪ ነው፣ ቀሪ ደግሞ አለንጋ ነው፣ ካልሆነም ወላጅ ይምጣ፣ ወላጅም ባዶ እጁን አይደለም፣ የክሊኒክ ወረቀት ይዞ። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ላልቀረ ተማሪ በመዝጊያው ቀን አንድ ደርዘን ደብተር ይሸለማል። አንድ ደርዘን! አንቺ ደብተር በካርቶን ነው የምትገዢው። እኔ በአንድ ደብተር ከፊት ሒሳብ፣ ከኋላ አማርኛ፣ ከመሀል ጂኦግራፊ እጽፍ ነበር። ያ ደርዘን ለእኔ የሚቀጥለው ክፍል ማለት ነው፣ ገባሽ?

ሚያዝያ ላይ ኩፍኝ ያዘኝ። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ከዚያ ዓይኔ እንደ በርበሬ ሆነ፣ ከዚያ ሽፍታው ከጆሮዬ ጀርባ ተነስቶ ወረደ። እናቴ በጨለማ ስትወጣ «ምነው፣ ልጄ?» አለችኝ፣ እኔም ጋቢውን እስከ አፍንጫዬ ስቤ «ደህና ነኝ» አልኳት። ታዲያ ከእሷ ኋላ ተነሳሁና የሹራብ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ፣ የሸሚዜን ኮሌታ አቆምኩ፣ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ይዤ ቆሜያለሁ። ግን «ጌታቸው!» ሲል «አቤት!» አልኩ።

ጠመኔ አየኝ። ዕውር አልነበረም። ኮፍያዬን በዱላው ጫፍ አነሳና ሽፍታውን አየ። ምን ያለ ይመስልሻል? «ወደ ቤትህ ሂድ»? ወደ ልጆቹ ዞረና በዚያ በሚያፏጭ ድምፁ «አያችሁ? ወንድ ልጅ ማለት ይኸው! እናንተ ሆዴን ቆረጠኝ ብላችሁ ትቀራላችሁ!» አለ። አስጨበጨበልኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ጅል ጅልን ሲያመሰግን እንዲህ ነው።

ታዲያ በአንድ ዴስክ ሦስት ነን የምንቀመጠው። መሀል እኔ፣ በስተግራዬ ሰይድ። አባቱ አፍንጮ በር ልብስ ሰፊ ነው፣ ከወሎ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሰይድ ዳቦውን ገምሶ የሚሰጠኝ ልጅ ነበር፣ ያን ቀንም ሰጠኝ፣ አንድ ነክሼ መለስኩለት፣ መዋጥ አቅቶኝ ነው። እና የተረፈውን እሱ በላው።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ሰይድ ቀረ። እናቱ እማማ ከዲጃ ከእናንተም ከእኛም የተሻለች ሴት ነበረች፣ «ሌላውም ሰው ልጅ አለው፣ ወላሂ አይወጣም» ብላ በሩን ዘጋችበት። ግን ኩፍኙ ከእሱ ጋር ገብቷል። ታናሽ እህት ነበረችው፣ ዘምዘም የምትባል። ሦስት ዓመቷ ነው። በር ላይ ቆማ ስሜን እያጣመመች የምትጠራኝ። ግንቦት ላይ ሞተች።

የለም፣ ውሃ አልፈልግም። ቆይ ልጨርስ።

ታዲያ ሰይድ ሲመለስ ጠመኔ «ወላጅ!» አለው፣ እና እማማ ከዲጃ መጣች። ሻርፗን ተከናንባ በር ላይ ቆመች። «ጌታው፣ ልጄ መጀመሪያ ታሞ ነው፣ ኋላ እህቱን ቀብረን ነው» አለች። ጠመኔ ከመዝገቡ ቀና አላለም። «ማስረጃ?» አለ።

«የምን ማስረጃ?»

«የክሊኒክ ወረቀት። ወረቀት ከሌለ ቀሪ ቀሪ ነው።»

ሻርፗን አጠበቀችና «መቃብሯ አለ። ይምጡና ይዩት» አለችው።

ጠመኔ ያንን መዝገብ አልነካውም። ሰይድ ቀሪ እንደተባለ ቀረ። እኔ? እኔ ዴስኩን አየሁ።

ሰኔ መጨረሻ መድረክ ላይ ወጣሁ። ደርዘኑን በገመድ አስረው ሰጡኝ፣ ሰይድም አጨበጨበ። ኩፍኙ ከማን እንደያዘው ያውቅ ነበር? አልጠየቅሁትም። ግማሹን ልስጠው ብዬ አስቤ ነበር፣ አልሰጠሁም። ድሃ ደግ ነው የሚሉት ድሃ ሆነው የማያውቁ ናቸው። ጻፍኩባቸው፣ ሁሉንም፣ እስከ መጨረሻው ገጽ።

ይኸው ክላክሱ። ሰርቪሱ መጣ። ምን ትጠብቂያለሽ?

«እና አባባ፣ ባስነጠሰ ቁጥር ላስቀረው ነው?»

ማን አለሽ? ንፍጥ ያወጣ ሁሉ ከቀረማ የአራዳ ልጅ ሁሉ መሃይም በሆነ። ሲበላ፣ ሲጫወት፣ ወንድሙን ሲደበድብ ካየሽው ላኪው፣ አፍንጫውን ይጠርግ። ትኩሳት ካለው፣ ካስመለሰው፣ ሽፍታ ከወጣበት ግን ይቀራል። መቼ ይመለሳል? ያቺ የጤና ጣቢያ ነርስ ነግራሽ የለ፣ እኔም አጠገብሽ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፦ ያለ ሽሮፕ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ትኩሳት የሌለው እንደሆነ። ያለ ሽሮፕ! ኩፍኝ ሲሆን ደግሞ ሽፍታው ከወጣ አራት ቀን ይቆጠራል፣ አለች። አራት ቀን። ያኔ አራት ቀን ብቀር ኖሮ... ተይው።

«ናሆም፣ ጫማህን አውልቅ።»

እሰይ። ሹፌሩንም በመስኮት «ሂድ» በይው። አሁን ለአስተማሪዋ ደውዪ።

«ሄሎ፣ ሚስ? የናሆም እናት ነኝ። ትኩሳት አለው፣ ዛሬም ነገም አይመጣም... አዎ... እሺ... አባባ፣ ማስረጃ ላኪ ነው የምትለኝ። ካልሆነ ሰርተፍኬቱን ይነካበታል ነው።»

ኪ-ኪ-ኪ! ማስረጃ! ይህች ደግሞ የጠመኔ የልጅ ልጅ ትሆናለች። ስልኩን ወዲህ አምጪው።

ሄሎ? አዎ፣ አያቱ ነኝ። ደህና አደርሽ፣ ልጄ። የለም፣ ወረቀት የለንም። ቀሪ በይው። አዎ፣ ቀሪ። ሰማሽኝ? በትልቁ ጻፊው።