የዶክተር ኤልያስ ለይኩን ሕይወትና ስማቸው ያልተጻፈበት ሥራ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከሊሙና ከዚሁ ከጅማ ለቀብር የመጣችሁ ወገኖች፤ እርሳቸው የእኔን ታሪክ ሊያነቡልኝ ሲገባ የእርሳቸውን ላነብ የቆምኩት መሳይ የተባልኩ የእናታቸው ወንድም ነኝና፣ ድምፄ ቢሰበር ታገሡኝ።

ዶክተር ኤልያስ ለይኩን በቡና ጥራት ቁጥጥር ሥራ ከሸዋ ተዛውረው ከመጡት ከአባታቸው ከአቶ ለይኩንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋረገጥ በ1962 ዓ.ም በሊሙ ገነት ተወለዱ። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ እናታቸው ወላጆቹ የሞቱበትን የጎረቤት ልጅ ናኦድን ወደ ቤት አስገብተው፣ ሁለቱን በአንድ አልጋ አስተኝተው፣ ከአንድ ማዕድ አብልተው አሳደጉ። ናኦድን አንቱ ለማለት ዛሬ አንደበቴ እንቢ ስላለኝ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ሁለቱም ሁለተኛ ደረጃን ጅማ ተምረው፣ በአዲስ አበባ በሒሳብ ተመርቀው፣ ለከፍተኛ ትምህርት አብረው ወደ አውሮፓ ሄዱ። ዶክተር ኤልያስ በ1992 ዓ.ም ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ እናታቸው ታመው ነበርና ሳይውሉ ሳያድሩ ተመልሰው በከተማችን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ ናኦድ ግን የአውሮፕላን ክንፍ ከሚነደፍበት ተቋም ሥራ አግኝቶ እዚያው ቀረ። ዶክተር ኤልያስ በ1993 ዓ.ም ከወይዘሮ ጸጋ ታዲዮስ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ናዝራዊትንና ባሮክን ወልደዋል።

ስለ ሥራቸው ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁ እንደ ነገሩኝ ልናገር። አውሮፕላን ገና በሐሳብ ሳለ ነፋሱ ክንፉን እንዴት እንደሚያነሣው በኮምፒውተር ይሰላል፤ ለዚህም በክንፉ ዙሪያ ያለው አየር በመረብ ይከፋፈልና በእያንዳንዱ የመረብ ዓይን ውስጥ ስሌቱ ይሠራል። መረቡ ሁሉ ደቃቅ ከሆነ ኮምፒውተሩ አይችለውም፤ ሁሉም ሰፊ ከሆነ ደግሞ መልሱ ይሳሳታል። ዶክተር ኤልያስ ስድስት ዓመት ደክመው ያወጡት ዘዴ፣ ስሌቱ እየተካሄደ ሳለ ስሕተቱ ውጤቱን በሚጎዳበት ቦታ ብቻ መረቡ ራሱን እያደቀቀ፣ በማያስፈልግበት ቦታ መልሶ እየሰፋ እንዲሄድ የሚያደርግ ነበር። አልገባኝ ቢል፣ ቡና ለቃሚ ሴት ጤነኛውን በመዳፏ ገፋ አድርጋ አሳልፋ ብላሹ በበዛበት ላይ ዓይኗን እንደምታሳርፍ ማለት ነው ብለው አስረዱኝ። ይህን ሁሉ የሠሩት በአንድ አሮጌ ኮምፒውተርና በየቀኑ በሚጠፋ መብራት ነው።

በ2008 ዓ.ም ዘዴውን በትልቅ ኮምፒውተር እንዲሞክርላቸው ጽሑፉን እንዳለ ለናኦድ ላኩለት፤ እርሱም አልሠራም ብሎ መለሰላቸው። ዓመት ሳይሞላ ያው ጽሑፍ በውጭ አገር የሳይንስ መጽሔት ላይ በናኦድ ስም ብቻ ወጣ፤ ዶክተር ኤልያስ በሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ የተሳሳቱት ቁጥር እንኳ እንደ ተሳሳተ ታትሞ ተገኘ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይህ ነው።

ለመጽሔቱ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፉ፤ ማስረጃውም ሙሉ ነበር። በዚህ ጊዜ ናኦድ ከአውሮፓ መጥቶ ጅሬን ካለው ቤቴ ገብቶ እግሬ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ፣ እኔ የሰፈራችንን ሽማግሌ ኦቦ ነጋሳንና አንድ አባት ካህን ይዤ ለሽምግልና ሄድኩ። አንድ ማዕድ የበላችሁ ልጆች ናችሁ፣ የቤት ገበና አደባባይ አይወጣም፣ የሟች እናታችሁ ነፍስ ታዝናለች አልን። ዶክተር ኤልያስ ይህ የድንበር ጠብ አይደለም አጎቴ፣ ደብዳቤውን አንዴ መልሼ ከወሰድኩ መጽሔቱ ዘንድ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው ቢሉን፣ ሽማግሌ ባለበት ምን ይዘጋል ብለን አለፍነው። ናኦድ በአንድ ዓመት ውስጥ እርማት አውጥቶ ስማቸውን ከስሙ አስቀድሞ ሊጽፍ መስቀል መትቶ ማለ። እርሳቸውም ለሽበታችን ብለው ደብዳቤያቸውን ከመጽሔቱ መልሰው ወሰዱ፤ ሁለቱም ተሳሳሙ፤ እኛም መርቀን ደስ ብሎን ወደየቤታችን ገባን።

እርማቱ አልወጣም። ናኦድም ስልክ ማንሣት ተወ። ዘዴው በማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የናኦድ ዘዴ ተብሎ ሲገባ ዶክተር ኤልያስ ከክፍላቸው ቆመው፣ በገዛ እጃቸው ያንኑ ስም በሰሌዳ ላይ እየጻፉ አምስት ዓመት አስተማሩ። አንድ ቀን እንኳ አጎቴ ምን አደረግኸኝ አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

በ2016 ዓ.ም የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው በቤታቸውና በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከትናንት በስቲያ ዐረፉ። ለወንድሜ የሚል ጽሑፍ ያለበት የአበባ ጉንጉን ከውጭ ታዞ መጥቷል፤ ከግቢው በር እንዳያልፍ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ይህ ጽሑፍ መልካሙን ብቻ እንዲናገር ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የናኦድ ክሕደት ብቻውን ስማቸውን አላጠፋውም፤ የእኔ ዕርቅ ረድቶታል። ስለዚህ ያን ዕርቅ ያሰርኩት እኔ በአስከሬናቸው ፊት ዛሬ ፈትቼዋለሁ፤ ኦቦ ነጋሳም ከጎኔ ቆመው ቃሌን ይጋራሉ። ልጃቸው ናዝራዊት አባቷ መልሰው የወሰዱትን ደብዳቤ እንደገና ጽፋለች፤ ያየነውንና የሰማነውን የናኦድን መሐላ እኔና ኦቦ ነጋሳ መስክረን ፈርመንበታል፤ ነገ ይላካል።

ዶክተር ኤልያስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጸጋን፣ ልጆቻቸውን ናዝራዊትንና ባሮክን፣ ሃያ አምስት ዓመት ያስተማሯቸውን ተማሪዎችና በድሏቸው የቀረውን እኔን አጎታቸውን ትተው ተለይተዋል። ልዑል እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍ፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ፤ እኔን ግን ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ ድረስ አያሳርፈኝ።