በጂቱ ቁስል ላይ የተነሰነሰው ካፕሱል

ከባኮ ወደ አምቦ በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጡትን ኦቦ ሆርዶፋን ፍርሃት ጨምድዶ ይዟቸዋል። ባለቤታቸው አዴ ጂቱ እግራቸው ቆስሎ አምቦ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሐኪሙም ቁስሉ በዚሁ ከቀጠለ እግሩ መቆረጡ እንደማይቀር ነግሯቸዋል። በቆሎ ነጋዴው ታዲያ ምን ያድርጉ? ከየጎረቤቱ የተራረፈ ካፕሱል ለቃቅመው በፌስታል ይዘው እየተመለሱ ነው።

እጃጂ ላይ አንዲት ወጣት ተሳፍራ አጠገባቸው ተቀመጠች። ለካ የወዳጃቸው የቀንዓ ልጅ፣ አዲስ አበባ በባክቴሪያ ላይ የምትመራመረው ሃዋኒ ናት!

«አካም ጅርቱ ኦቦ ሆርዶፋ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ተይኝ ልጄ፤ ጂቱ እግሯን ልታጣ ነው። ይኸው፣ ይህን ካፕሱል እንደ ወትሮዬ እየከፈትኩ ቁስሏ ላይ ልነሰንስላት ነው።»

ሃዋኒ ክው አለች። «ሐኪሞቹ ያውቃሉ?»

«ምን አገባቸው! እነሱ መድኃኒቱን ትተው ከቁስሉ መግል እንውሰድ ይላሉ። እምቢ አልኳቸው። መግል ለምን ይሆናል?»

«ኦቦ፣ አይቆጡኝና፣ አዴ ጂቱን እየጎዷቸው ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያ ኢንዛይም የሚባል ነገር ይሠራል፤ መድኃኒቱን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። እኛ የዚያን መቀስ ቅርጽ ነው የምናጠናው። ስለቱ የት እንዳለ ከታወቀ የሚያዶለዱመው መድኃኒት ይሠራለታል።»

«በዓይን የማይታይ ነገር ደግሞ ምን ቅርጽ አለው? አታሹፊብኝ እንጂ!»

«በመግሉ ውስጥ ካለው ባክቴሪያ ኢንዛይሙን አጣርተን እንደ ጨው እናረጋውና ውጭ አገር ተልኮ ኃይለኛ ጨረር ይለቀቅበታል። ጨረሩ ከተበተነበት አኳኋን ቅርጹ ይሰላል።»

«እሺ ይሁን። እኔ ምን አጠፋሁ?»

«የነቀዝ መድኃኒት ለጎተራው ከሚበቃው ግማሹን ብቻ ቢጨምሩ ምን ይሆናል?»

ኦቦ ሆርዶፋ ሳቅ አሉ። «ይሄም ይጠየቃል? ደካማው ይሞታል፣ ብርቱው ተርፎ ይራባል። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ብትጨምሪበትም...»

አልጨረሱትም። ዓይናቸው ወደ ፌስታሉ ወረደ። ሰው በራሱ ላይ ሲፈርድ እንደዚያ ነው፤ ምላሱ ቀድሞት ይሄዳል።

«ብርቱውን ያራባሁት በገዛ እጄ ነዋ!» አሉ በመጨረሻ። «መግሉን ለእናንተም ብሰጥ ጥናታችሁ ለጂቱ ይደርስላታል?»

ሃዋኒ ልትዋሻቸው አልፈለገችም። «አይደርስም፤ ዓመታት ይፈጃል። ለሌላ ሰው ነው የሚደርሰው። ለእሳቸው ግን የሐኪሞቹ የመግል ምርመራ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ይለያል።»

አምቦ ሲደርሱ ባለቤታቸው ወደተኙበት ክፍል ገቡና ሳይደብቁ ሁሉን ለሐኪሙ ተናዘዙ፤ የሃዋኒንም ጥናት ነገሩት። አዴ ጂቱ ሰምተው ፌስታሉን ከባላቸው እጅ ወሰዱ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «መግሉን ውሰዱ» አሉ፤ «ለዚያች ልጅም ስጧት። ነገ የማን እግር እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ በኦቦ ሆርዶፋ ዓይን አልዞረም። በሆስፒታሉ ካሉት መድኃኒቶች የሚሠራው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለአዴ ጂቱ በሰዓቱ፣ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ተሰጣቸው፤ ቁስሉ ጠገገ፣ እግራቸውም ተረፈ።

ዛሬ ባኮ ገበያ ውስጥ ሐኪም ሳያማክር ካፕሱል የሚገዛ፣ ወይም ሻል ሲለው መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ካለ፣ ኦቦ ሆርዶፋ ሚዛናቸውን ጥለው ይሄዱበታል።

«ለጂቱ የተረፈላት አንድ መድኃኒት ብቻ ነበር» ይሉታል። «ለአንተስ ስንት ቀርቶሃል?»