የጋቢናው ምላጭ

በዚህች የባዕድ አገር የወደብ ከተማ፣ ከማዕከላዊ ገበያ ካርቲየ 7 ቢስ ወደሚባለው ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት የአገሬ ሰዎች፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች፣ ተቀምጠው ነበር፤ ባሌም ሹፌር ስለሆነ ጆሮዬን ጣልኩባቸው። ሆዱ የተነፋው፣ በዕድሜ ትልቁ ሰውዬ ከሐኪም ቤት መምጣቱ ነው።

«ሐኪሙ ጉበትህ ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል አለኝ።»

«ጋሼ፣ ደብቀኸን ትጠጣ ነበር እንዴ?» አለው ወጣቱ።

«ቢራ አፌን ነክቶት አያውቅም! ጉበት የሚጎዳው መጠጥ ብቻ አይደለም አለኝ። የጉበት ቫይረስም ለዓመታት ቀስ እያለ ይበላዋል። በደም ይተላለፋል።»

«የማን ደም ነክቶህ?»

«ምላጭ ትጋራላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ወደቡ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ?»

«አዎ። ጋቢና ውስጥ፣ የአምስት ሰው ጢም በአንድ ምላጭ። ‹ጋሼ ይላጭና ያቀብለን› እያላችሁ።»

«እኔ ምንም አይሰማኝም።»

«እኔስ መች ተሰማኝ? ዓይኔ ቢጫ ሲሆን እንኳ የወፍ በሽታ ነው ብዬ ቅጠል ጠጣሁ።»

«ታዲያ ይድናል?»

«ጠባሳው አይመለስም፣ እንዳይብስ ግን መድኃኒት አለ አለኝ። አንተ ነገ ተመርመር። ሚስትህንም ውሰዳት።»

«እሷን ደግሞ ምን አገባት?»

«ከባል ወደ ሚስት ይሻገራል። እናት ካለባት ስትወልድ ለልጇ ታስተላልፋለች።»

«ሚስቴ እኮ ስምንት ወሯ ነው።»

«ለዚህ ነው ነገ ያልኩህ። ሕፃኑ እንደተወለደ የሚሰጥ ክትባት አለ።»

እኔ ጭኔ ላይ የተኛችውን ልጄን ቀስቅሼ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩና የዓይኖቿን ነጭ አየሁ።