በያጁ የፈተሹት ብየዳ

ከቡራዩ በተሳፈርሁበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቡ ከተቀመጡ በያጅ ሽማግሌ ጋር ሲነጋገር ሰማሁ።

«ኦቦ ለሚ፣ የልጅዎ መኪና ለውድድሩ ደረሰች?»

«ደርሳለች። አሮጌ ብትሆንም ሞተሯ ኃይለኛ ነው። ልጄ እንድትቀልላት ወንበሩንም ምንጣፉንም አውጥታ ጣለችው፤ የቀረው የሷ መቀመጫ ብቻ ነው።»

«ብትገለበጥባትስ?»

«ጣሪያው እንዳይጨፈልቃት ውስጡን ዙሪያውን በወፍራም ቱቦ በየድኩላት።»

«ብየዳው መቻሉን በምን አወቁ?»

«ሱሉልታ ወስደን ከተዳፋት ላይ ገለበጥናታ!»

«ባዶዋን ነዋ?»

«ባዶዋን ምን ያስታውቃል? ቀበቶ ታጥቄ ገባሁ።»

«ያ ዋቃዮ! አንቱ? በዚህ ዕድሜ?»

«ሁለቴ ተንከባለልኩ። አንድም ብየዳ አልተሰነጠቀም።»

«ልጅቷ ምን አለች?»

«መች ነገርኳት? መፍራቴን ካወቀች እሷም ፈርታ ትነዳለች። የተጨረመተውን በር ስታይ፣ ስነዳ ገደል ገባሁ አልኳት።»

«አመነችዎት?»

«አምናማ ቁልፉን ቀማችኝ! ‹አባዬ መንዳት አይችልም› እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች።»

ሲወርዱ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም እንደማይቻል እያወቅሁ፣ ብድግ አልሁላቸው።