ማዳሜ ያወጣችልኝ ስም

እናንተዬ፣ ስሜ ዘይነባ ነው፤ ዓረብ አገር፣ ሲን ኤል ፊል በሚባል ሰፈር የምሠራላት ማዳሜ ግን ገና ከበር ስገባ «ሶፊ» አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛም ሶፊ ነበረች።

አንድ ቀን ኮምፒውተር የሚማረው ልጇ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። በሚጽፈው ፕሮግራም ውስጥ ያሉትን ስሞች አጻጻፋቸውን አንድ ዓይነት ላድርግ ብሎ፣ ከሌላ ሰው ፕሮግራም ያመጣቸውንም ቀይሯቸው፣ ኸላስ፣ ሥራው ቆሟል።

«ከውጭ የመጣውን ስም ከቀየርሽው፣ ያኒ፣ ስትጠሪው አይመጣም» አለኝ።

ወዲያው ማዳሜ ከኩሽና «ሶፊ!» ብላ ጮኸች። ንቅንቅ አላልኩም።

«አትሄጂም እንዴ?» አለኝ።

«እኔም ከውጭ የመጣሁ ነኝ። ስሜ ዘይነባ ነው።»

ከት ብሎ ሳቀና «ማማ፣ ዘይነባ ብለሽ ጥሪያት!» አላት።

ማዳሜ ጭልፋዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። «ዘይነባ ደግሞ ማናት? ሳልፈቅድ ቤቴ ሰው አስገባችሁ?»