መስኮቱ ያልተጋረደ ፑል ቤት

ከመናኸሪያው በስተጀርባ ባለው መንገድ ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ ሰው በቀኝ እጃቸው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የሞላ ቆርቆሮ አንጠልጥለው፣ በብብታቸው የተጠቀለለ ወፍራም መጋረጃ ይዘው ሲያዘግሙ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቷ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ የምታጠናውም ስታቲስቲክስ የሚባለውን የቁጥር ትምህርት ነበር።

ሰውየውን አገር የሚያውቃቸው «ቀስ በሌ» በሚል ቅጽል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያሽከረክሩ ራሳቸውን «ቀስ በል» ሳይሉ የወረዱት ቁልቁለት ስላልነበረ ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀረ። ዓይናቸው ሲደክም ግን መኪናቸውን ሸጡ። አሁን የዕድሜ ልክ ላባቸውን ይዘው ፑል ቤት ሊከፍቱ ተነሥተዋል። አከራዩ በእምነት ቁልፉን አስቀድሞ ቢሰጣቸውም፣ የሦስት ዓመቱ የኪራይ ውል የሚፈረመው በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ነበር።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ? ቀለምና መጋረጃ ይዘው በጠዋት ወዴት ነው? ሙሽራ ሊያስገቡ ነው እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«ሙሽሮቹማ አምስት ናቸው፤ ሁሉም ባለ አራት እግር፣ ሁሉም አረንጓዴ ለባሽ» አሏት። «ሁለቱን አናጺው ጨርሷል፤ ሦስቱን ገና አልጀመራቸውም። እናትሽ አልነገረችሽም? እንግዲያው ከልቧ አኩርፋለች ማለት ነው።»

«ስለ ፑል ቤቱ ሰምቻለሁ። የት እንደሆነ ግን አላወቅሁም ነበር።»

«ነይ፣ ግቢና እዪው።»

ቤቱ ረጅምና ጠባብ ነው። ቀድሞ የመለዋወጫ መጋዘን ስለነበር ሲሚንቶው ላይ የዘይት ጠባሳ ቀርቶበታል። ወደ መንገድ የሚያይ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ሲሆን፣ በእሱም በኩል የአውቶቡስ ረዳቶች ጩኸት ይገባል። ቀስ በሌ ቆርቆሮውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠው ክዳኑን በቢላ ጫፍ መፈልቀቅ ጀመሩ።

«መስኮቱን ሊቀቡት ነው?»

«ፑል ቤት መስኮቱ ይጋረዳል፤ እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው። ተጫዋች ከመንገድ መታየት አይወድም። አባት ያልፋል፣ አስተማሪ ያልፋል፣ እጮኛ ታልፋለች።»

«ይሁን። ቦታውንስ እንዴት መረጡት?»

ቀስ በሌ ቀና አሉ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ ቆይተዋል። «ልጄ፣ እኔ በዚህ መናኸሪያ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ኮሌጅ በተከፈተ ሰሞን ፍራሽ ተሸክሞ የወረደውን ተማሪ እዚያ ማዶ ቆሜ ቆጥሬዋለሁ። ሺህ ስደርስ ደከመኝና ተውሁት። ከሺው መቶው ቢገባልኝ አምስት ጠረጴዛ መቼ ይበቃኛል?»

«ከዚያ ወዲህስ መቼ አዩዋቸው?»

«ሲዘጋ አያቸዋለሁ። ፍራሻቸውን ይዘው ሲሳፈሩ።»

«በመሃልስ?»

«በመሃልማ ኮሌጃቸው ናቸው እንጂ እዚህ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?» አሉና፣ ከአፋቸው የወጣው ቃል በጆሯቸው ሲገባ ቢላዋ በእጃቸው ላይ ቆመ።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም። መናኸሪያ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ ተሳፋሪ አድርጎ ማየት የሾፌር ሙያ ነው፤ ለሠላሳ አንድ ዓመትም እንጀራ ሆኗቸዋል። ነገር ግን በአንዱ ሥራ ያበላን ልማድ በሌላው ሥራ ሊያስርበን እንደሚችል የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው። ቀስ በሌም ቶሎ የሚረቱ አልነበሩም።

«ፑል ካለ ይመጣሉ፤ እግር አላቸው» አሉ።

«እግርስ አላቸው፤ ጊዜ ነው የሌላቸው። ከኮሌጁ እዚህ ደርሶ መመለስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ያለን ዕረፍት አንድ ሰዓት ነው። ደግሞም በተማሪዎች መዝናኛ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ የሚያስከፍል የለም።»

«በነፃ ነው? እንግዲያው ወረፋው እስከ በሩ ይደርሳል፤ ዘንጉም ጫፉ የተሰበረ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። «ይኼስ እውነት ነው። ወረፋ ሰልችቷቸው ሳይጫወቱ የሚሄዱ ብዙ ናቸው።»

«አየሽ! መጽሐፍ ብቻ የምታነብ ልጅ ሰውን ሁሉ አንባቢ ታደርጋለች። እኔ በጣቴ የምቆጥረውን ነው አራት ዓመት ሙሉ የሚያስተምሩሽ?»

«አዎ ጋሼ። የት ቆሞ እንደሚቆጠር ጭምር ያስተምሩናል።»

ቀስ በሌ ቢላውን ወደ ክዳኑ መለሱት። ልጅቷም አዋቂን በማሳፈር የሚገኝ ድል ድል እንዳልሆነ በቤቷ የተማረች ነበረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ተማሪው ሁሉ ይመጣል እንበል። ኮሌጁ በዓመት ሦስት ወር ተኩል ይዘጋል። ያን ጊዜ ማን ይጫወታል?»

«ያን ጊዜ ቀበቶ ጠበቅ ይደረጋል።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መኪናዎ ጭነት አድርሶ ሲመለስ ምን ይዞ ይመለስ ነበር?»

«ያገኘውን ነዋ። ጡብም ቢሆን፣ ከሰልም ቢሆን፣ ባዶ ጠርሙስም ቢሆን። ሁለት ቀን ቆሜ እጠብቃለሁ እንጂ ባዶዬን ተመልሼ አላውቅም። ባዶውን የሚመለስ መኪና ባለቤቱን ይበላል። ይህን የማያውቅ ሾፌር...»

ቃሉን አልጨረሱትም። ቆርቆሮውን ከመስኮቱ ደፍ አንሥተው መሬት ላይ አኖሩት።

«ይኼ ቤት ባዶውን ይመለሳል ልትዪኝ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ምንም አልወጣኝም።»

«ዝም ማለትሽ ነው የባሰው» አሉና ወዲያ ወዲህ ተንጎራደዱ። «የከተማው ሰውስ? ፀጉር አስተካካዩ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ጡረተኛው፣ ነርሷ። የመልሱን ጭነት እነሱ ይሆኑልኛል።»

«መስኮቱ ተቀብቶ? እናቴ ያኮረፈችዎ ለምን ይመስልዎታል?»

«ፑል ስለምትጠላ።»

«እናቴ ፑል አይታ አታውቅም። የምታውቀው መጋረጃውን ነው። ውስጡ የማይታይ ቤት ሲሆን ሰው የሚያስበው የባሰውን ነው። ነርሷ ከሥራ ስትወጣ በመጋረጃ ውስጥ ገብታ ልትጫወት አትችልም። አስተማሪውም አይገባም። እኔ ራሴ የእርስዎ የእህት ልጅ ሆኜ ብገባ ነገ ስሜ ከተማውን ይዞራል።»

ቀስ በሌ ወደ በሩ ዘወር ብለው አዩና ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጡ፣ እስካሁን የደበቁትን ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ አወጡት። «እውነቱን ልንገርሽ። መጋረጃው ለሚወራረዱት ነው። የሚወራረድ ሰው ነው ረጅም ሰዓት የሚቀመጠው። እንዲያው ለጨዋታ የመጣ አንድ ዙር ተጫውቶ ይሄዳል ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ፑል ቤት የነበራቸው ሰዎች።»

«የነበራቸው ነው ያሉኝ፤ ያላቸው አላሉም» አለች ልጅቷ። «ጋሼ፣ አንድ ተወራራጅ ሲቀመጥ ዘጠኝ ሰላማዊ ሰው ይሸሻል። ከተወራረዱ ይጣላሉ፤ ከተጣሉ የሚሰበረው የእርስዎ ዘንግ፣ የሚጠራው የእርስዎ ስም ነው። እርስዎ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።»

ያውቁታል። አንድ ባልደረባቸው እንዲህ በተጋረደ ቤት ውስጥ ትርፍ ጎማውን አስይዞ ተጫውቶ ተበልቶ፣ በማግስቱ ጭው ባለ ሜዳ ጎማ ፈንድቶበት ሁለት ቀን ሲቆም ደርሰው ያነሡት እሳቸው ነበሩ። በዚያን ቀን ባልደረባቸውን የገሠጹበት ቃል ትዝ አላቸውና አንገታቸውን ደፉ። ለሰው የመከርነውን ለራሳችን ለመቀበል ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ያስፈልገናል።

«ታዲያ ምን ላድርግ ትያለሽ? ጠረጴዛዎቹን ቆርጬ አልጋ ላሠራ?»

«የለም። ፑል መጥፎ ነገር አይደለም፤ ቦታውና ልማዱ ነው የሚጥለው። ከኮሌጁ ሳይርቅ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ የተዘጋ የልብስ ስፌት ቤት አለ። ውል ሳይፈርሙ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ይስጡኝ፤ ፊት ለፊቱ ቆመን እንቁጠር።»

«መስኮትስ አለው?»

«ልብስ ሰፊዎቹ ብርሃን ስለሚወዱ ግድግዳው ሁሉ መስኮት ነው።»

ቀስ በሌ በሩን ቆልፈው ተከተሏት።

ከስፌት ቤቱ ማዶ ካለ ዛፍ ሥር ቆሙ። ቀስ በሌ ሁለት የክብሪት ቀፎ ገዝተው፣ ተማሪ አሥር ባለፈ ቁጥር አንድ እንጨት ወደ ቀኝ ኪሳቸው፣ የከተማ ሰው አሥር ባለፈ ቁጥር አንድ እንጨት ወደ ግራ ኪሳቸው ይከቱ ጀመር። ልጅቷ በደብተር ትጽፋለች። መጀመሪያ ላይ ያፌዙባት ነበር፤ ቆይተው ግን ከእሷ ይልቅ እሳቸው ጠንቃቃ ሆኑ። «ያ ሰውዬ ቅድም አልፏል፤ እንዳትደግሚው» እያሉ ይቆጣጠሯት ጀመር። ሰዓቱ ሲሞላ በቀኝ ኪሳቸው ሃያ ሁለት፣ በግራው አሥራ አምስት እንጨት ተገኘ።

ቀስ በሌ እንጨቶቹን በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ትክ ብለው አዩ። «ሲሄድም ጭነት አለው፤ ሲመለስም ጭነት አለው» አሉ።

ከምሳ በኋላ የመናኸሪያው ቤት አከራይ ወረቀቱን ዘርግቶ ሲጠብቃቸው ቁልፉን አስረከቡት።

«ሾፌር ቃሉን አይበላም ሲባል እሰማ ነበር» አላቸው አከራዩ በቅያሜ።

«ቃል አልበላሁም ወንድሜ፤ ፍሬን ያዝሁ። ገደሉ ጫፍ ላይ የያዝሁት ስለሆነ አንተም ደንግጠሃል፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ቀለሙን ለድካምህ ትቼልሃለሁ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ቀስ በሌ ግን ሳያፈሱ ቆሙ። የስፌት ቤቱን በአንድ ዓመት ውል ተከራዩ። ልጅቷ ሁለት ጠረጴዛ ይበቃል ስትል፣ እሳቸው ወረፋ ያሰለቸውን ተማሪ እያነሡ ተከራክረው በሦስት ጸኑ፤ በዚህኛው ነገር ትክክሉ እሳቸው እንደነበሩ በኋላ ታይቷል። መወራረድ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በጉልህ ፊደል ተለጠፈ። ከጽሑፉ ይልቅ የጠቀመው ግን መስኮቱ ነበር። በአላፊ አግዳሚ ፊት ገንዘብ አስይዞ ለመጫወት የሚደፍር ሰው ጥቂት ነውና፣ ሁለት ሦስት ቀን የሞከሩት ሳይባረሩ በራሳቸው ጊዜ ሄዱ። ነርሷ ከባልደረባዋ ጋር መጣች። የሒሳብ አስተማሪው ከተማሪዎቹ ጋር ተጫውቶ በመሸነፉ በክፍል ውስጥ ይበልጥ ተወደደ። ተማሪውም ለአንድ ዙር ገብቶ፣ በመስኮቱ ጓደኞቹ ወደ ትምህርት ሲመለሱ እያየ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወጣ ሆነ። ያኮረፈችው እህትም ደጃፉ ላይ ቆማ አይታ፣ ወለሉ በደንብ አልተጠረገም ብላ ተቆጥታ ሄደች፤ እህታቸውን የሚያውቁት ቀስ በሌ ይህ እርቅ መሆኑን ተረዱ።

ኮሌጁ ተዘግቶ መንገዱ ጭር ባለ ጊዜ፣ አንድ ግንበኛ በብብቱ ውሃ ልኩን ይዞ በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ። ልጁ ፑል ቤት መዋል ጀምሯል ብለው ነግረውት ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ያየው ግን ልጁን ከአንድ ጡረተኛ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ኳሷን ሲያነጣጥር ነው። ቁጣውን ይዞ ገባ። ልጁ አባቱን ሳያየው መታ፤ ኳሷ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላትማ ከቀዳዳው ርቃ ቆመች።

ግንበኛው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። በሕይወቱ ሙሉ ማዕዘን ሲለካ የኖረ ሰው ነበርና እጁ ማረፍ አልቻለም።

«እዚያ ላይ አይደለም» አለ ልጁን። «ጠርዙን በመታችበት ማዕዘን ልክ ነው የምትመለሰው። እዚህ፣ ጣቴ ካረፈበት ጠርዝ ጋር አላትማት።»

ልጁ አባቱን ሲያይ ደንግጦ ወደ ኋላ ሊል ፈለገ፤ ነገር ግን የአባቱ ጣት ጠርዙ ላይ አርፎ እየጠበቀው ነበር። ኳሷን መልሶ አኖረና መታት፤ ከጠርዙ ነጥራ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። ጡረተኛው ሳቀ። ግንበኛው ውሃ ልኩን ከግድግዳው አስደግፎ እጅጌውን ጠቀለለና ወደ ቀስ በሌ ዞረ።

«ቀጣዩ ተራ የማን ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«የእርስዎ ነው» አሉት ቀስ በሌ፤ ዘንግ መርጠውም አቀበሉት።